ቴንስ፦ ያለ ክኒን ሕመም የምታስታግሰው ትንሽ ማሽን

ድሬዳዋ ውስጥ ከዘመድ ሻንጣ ከሚወጡ ዕቃዎች አንዷ ትንሽ ማሽን ናት። የእጅ ስልክ ታክላለች። ሁለት ወይም አራት ገመድ አላት። በየገመዱ ጫፍ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ ፓድ አለ። ከዱባይም ከሪያድም ትላካለች፤ ታይዋን ገበያም ፈልጎ የሚያጣት የለም። ወገቤን ያለ፣ ጉልበቴን ያለ ሁሉ አንድ ቀን ይሞክራታል። አንዳንዱ «ተአምር ናት» ይላል። ብዙው ግን ሁለት ሦስት ቀን ይሞክርና ቁም ሣጥን ውስጥ ይወረውራታል።

ስሟ ቴንስ (TENS) ነው። ሥራዋ በቆዳ በኩል ነርቭን በትንንሽ የኤሌክትሪክ ምቶች መቀስቀስ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲጠቀሙባት ኖረዋል፤ የገበያ ወሬ ብቻ አይደለችም። ግን ማስታወቂያው እንደሚለው «ሕመምን ከሥሩ የምትነቅል» አይደለችም። ያረጀ መገጣጠሚያ አታድስም። የተንሸራተተ ዲስክ ወደ ቦታው አትመልስም። የምትሰጠው ፋታ ነው። ሕመሙን ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ታለዝበዋለች። ትልቁ ጥያቄ ሰው ያቺን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፋት ነው። ተኝቶ ካሳለፋት ብዙም አላተረፈም። ተነስቶ ከተንቀሳቀሰባት ግን ትጠቅመዋለች።

ጉዳዩ የሚያንገበግበኝ በክኒኑ ምክንያት ነው። ከተማችን ውስጥ ወገቡን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ፋርማሲ ነው። ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ሲያስታግሰው ነገም ይገዛል። እንዲህ እያለ ወር ሁለት ወር ይውጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ሲዘወተሩ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ሊያደሙም ይችላሉ። ኩላሊት ይጎዳሉ። የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ መድኃኒቱን ያዳክሙበታል። ትራማዶል የሚባለው ጠንከር ያለ ማስታገሻ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሱስ ያስይዛል። እንግዲህ በቀን ሦስት ክኒን የሚውጥ ሰው በቴንስ ምክንያት አንድ ብቻ ቢውጥ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከማሽኗ የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

ነርቭ ላይ ምን ይሆናል?

እግራችሁ ከአልጋ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ወዲያው በእጃችሁ ታሹታላችሁ። ማንም አላስተማራችሁም። ሕፃን ሲወድቅም እናቱ የተመታውን ቦታ እሽት እሽት ታደርግለታለች። ደግሞም በእርግጥ ቀለል ይላል። ለምን ቀለል እንደሚል ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1965 አብራሩት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሐሳባቸው «የበር ቁጥጥር» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆዳና ከመገጣጠሚያ ተነስተው ወደ አከርካሪ የሚሄዱት ነርቮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭን ናቸው፤ መልእክታቸው ዘገም ይላል። መነካትን፣ መታሸትን፣ ንዝረትን የሚያደርሱት ወፈር ያሉ ናቸው፤ ፈጣን ናቸው። ሁለቱም መልእክታቸውን የሚያስረክቡት አከርካሪ ውስጥ እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ አንጎል የሚያሳልፈው ቦታ እንደ በር ነው። በገበያ ቀን ሐረር ሸዋ በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይህ አይቸግረውም። ሰውና ጭነት በአንዴ ሲጋፋ፣ ዘገም ብሎ ከኋላ የመጣው ማለፊያ ያጣል። በወፍራሞቹ ነርቮች በኩል ብዙ የመነካት መልእክት ሲጎርፍም አከርካሪ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ሴሎች ይነቁና የሕመሙን መልእክት ይገቱታል። ጉዳቱ ያው ባለበት ነው። ወደ አንጎል የሚደርሰው ግን ይቀንሳል።

ቴንስ ይህንኑ ማሸት በኤሌክትሪክ ትሠራዋለች። ወፍራሞቹ ነርቮች በትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቀሳሉ። ቀጫጭኖቹ የሕመም ነርቮች ግን እንዲቀሰቀሱ ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኃይሉ ልክ ከሆነ ንዝረቱ ይሰማችኋል እንጂ አያማችሁም። የሚያሸው እጅ ደግሞ ይደክመዋል፤ ማሽኗ አትደክምም።

ሁለተኛ መንገድም አለ። ሰውነታችን የራሱን ማስታገሻ ይሠራል። ኢንዶርፊን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የሚሠራው ሞርፊን በሚሠራበት ቦታ ነው። የቴንስ ምት አከርካሪና አንጎል ውስጥ እነዚህን የራሳችንን ማስታገሻዎች ያስለቅቃል። ማሽኗ ዘገም ብላም ፈጠን ብላም መምታት ትችላለች። ዘገምተኛው ምት አንድ ዓይነት መቀበያ (ማስታገሻው ሴል ላይ የሚያርፍበት ቦታ) ላይ ይሠራል፤ ፈጣኑ ምት ሌላ ዓይነት ላይ። ይህ የቤተ ሙከራ ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ ግን ቤት ውስጥም ይጠቅማል። ትራማዶልን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ዘገምተኛው ምት የሚጠቀምበትን መቀበያ አስለምዶታል። እንዲህ ያለ ሰው ፈጣኑን ምት ቢሞክር ይሻለዋል።

ኤሌክትሪክን ለሕመም ማዋል ራሱ የቆየ ነገር ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስክሪቦኒየስ ላርገስ የተባለ የሮም ሐኪም ለራስ ምታትና ለሪህ ኤሌክትሪክ የምታመነጭ የባሕር ዓሣ ያዝዝ ነበር። ሪህ ያለበት ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ዓሣዋን ይረግጣል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ይቆያል። የዛሬዋ ማሽን የመጣችው ግን ከ1965ቱ ሐሳብ በኋላ ነው። ዎል ከዊልያም ስዊት ጋር ሆኖ ሐሳቡን ሰው ላይ ፈተነው፤ መጀመሪያ የሞከሩት ራሳቸው ላይ ነው። ውጤቱ በ1967 ወጣ። በዚያው ዘመን ኖርማን ሺሊ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አከርካሪ ላይ የሚቀበር መሣሪያ ይሠራ ነበር። ማን እንደሚጠቀም ለመለየት ታማሚዎቹን በፊት ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ማሽን ይፈትናቸዋል። አንዳንዶቹ በቆዳው ብቻ ተሻላቸውና መቀበሩ አላስፈለጋቸውም። ቴንስ ራሷን ችላ ሕክምና የሆነችው እንዲህ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በ1995 የወጣ ትንሽ ጥናት 200 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከቴንስ ያገኙት እፎይታ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቴንስ ከምትሠራባቸው መንገዶች አንዱ አዴኖሲን የሚባል የሰውነት ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ካፌይን ደግሞ አዴኖሲንን ያግዳል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን አያስምልም። ግን የሐረር ቡና እስከ በረካ ጠጥቶ ማሽን ከማሰር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ምንም አይጎዳም። መጀመሪያ ማሽኗ፣ ከዚያ አቦል።

ታዲያ ትሠራለች ወይስ አትሠራም?

መልሱ እንደ ሕመሙና እንደ አጠቃቀሙ ነው። በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 381 ጥናቶችን ሰብስቦ ተመለከተ። ቴንስ በተከፈተችበት ጊዜና ወዲያው ከተዘጋች በኋላ ሕመሙ ከማስመሰያ ማሽን (ቴንስ መስላ ሥራዋን ከማትሠራ) ጋር ሲነጻጸር ቀንሶ ተገኝቷል። ከባድ ጉዳትም እምብዛም አልታየም። «በተከፈተችበት ጊዜና ወዲያው ከተዘጋች በኋላ» የሚለውን ልብ በሉ። ለወራት የሚዘልቅ ለውጥ አይደለም የተባለው። በሌላ በኩል በ2019 ሥር የሰደደ ሕመም ላይ የተደረጉ ግምገማዎችን ያጠቃለለ ሥራ ጥናቶቹ ደካማ ስለሆኑ ይሠራል አይሠራም ብሎ መደምደም አልቻለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ደግሞ በ2016 ለወገብ ሕመም ቴንስ እንዳይታዘዝ አለ።

እነዚህ ነገሮች የሚጋጩ ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ምክንያት ይታየኛል። ብዙዎቹ የድሮ ጥናቶች ላይ የማሽኗ ኃይል በጣም ትንሽ ነበር። ሰውየው ንዝረቱ ሳይሰማው ወይም ትንሽ ብቻ እየተሰማው ተፈተነ። ሌሎቹ ደግሞ ማሽኗ ከተዘጋች ከሰዓታት በኋላ ነው ሕመሙን የጠየቁት። ፋታ የምትሰጥን ማሽን ፋታው ካለፈ በኋላ መለካት አይሆንም።

ለእኔ ልብ የሚያሞቀው የ2020ው ጥናት ነው። ፋይብሮማያልጂያ የሚባል መላ ሰውነት የሚያሳምም ችግር ያለባቸው 301 ሴቶች ተሳተፉበት። በሦስት ቡድን ተከፈሉ፦ እውነተኛ ቴንስ፣ የማስመሰያ ማሽን፣ ምንም ያልተሰጣቸው። ማሽን የደረሳቸው ሴቶች ለ4 ሳምንት ቤታቸው ሆነው፣ በቀን 2 ሰዓት፣ እየሠሩና እየተንቀሳቀሱ ተጠቀሙ። ኃይሉም የሚችሉትን ያህል ከፍ ተደርጎ ነበር። እውነተኛዋ ማሽን የደረሳቸው ሴቶች ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸው ሕመም ከሌሎቹ ይበልጥ ቀነሰ። ድካማቸውም ቀነሰ። ኃይል በልኩና እንቅስቃሴ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ማሽኗ የምትታየው።

የጎረቤቴ ጉልበት

ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ ሰፈር ውስጥ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ እኔን ነው የሚጠራኝ። አንዲት ጎረቤቴ ከፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ማታ ሲነሱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። ልጃቸው ከሳውዲ ቴንስ ላከችላቸው። ትንሽ ተጠቀሙና አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይነዝረኛል እንጂ መች አሻለኝ?» አሉኝ።

«እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መጀመሪያ ጉልበታቸውን በሚያቃጥል የሕመም ቅባት ለቀለቁት። ከዚያ ሁለቱን ፓድ አጠጋግተው የጉልበታቸው ሎሚ ላይ ለጠፉ። ማሽኗን የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር ላይ አደረጉ፤ «እንዳይመታኝ» ብለው። ከዚያ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

ቅባቱ። ፓዱ የሚለጠፈው ንጹሕ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ላብ፣ አቧራ ካለ ፓዱ እኩል አይይዝም። እኩል ካልያዘ ኤሌክትሪኩ በያዘችው ትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ይቆነጥጣል፣ ቆዳም ሊያቃጥል ይችላል። የሚያቃጥል ቅባት ሲጨመርበት ቆዳው ይባስ ይቆጣል። በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ በፎጣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚለጠፈው። ጸጉር ከበዛ በመቀስ ማሳጠር ይበቃል። በምላጭ ከተላጨ ቆዳው እስኪያርፍ አንድ ቀን ይጠበቅ።

ቦታው። ሎሚው አጥንት ነው፤ እዚያ ላይ ንዝረቱ አይመችም፣ የሚይዘውም ነርቭ ጥቂት ነው። ፓዱ የሚሄደው በሕመሙ ዙሪያ ያለ ሥጋ ላይ ነው። ሁለት ፓድ ብቻ ካለ አንዱን ከጉልበቱ ውስጠኛ ጎን፣ ሌላውን ከውጭ ጎን። አራት ካለ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። በሁለት ፓዶች መካከል ቢያንስ የሁለት ጣት ስፋት ይኑር፤ በጣም ሲቀራረቡ ኤሌክትሪኩ ቆዳው ላይ ብቻ ተሻግሮ ይቀራል። ወገብ ሲሆን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ነው እንጂ አጥንቱ ላይ አይደለም። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከሆነ አንዱን ወገብ ላይ፣ ሌላውን ሕመሙ በሚወርድበት መንገድ ላይ፣ ቂጥ ወይም ጭን ላይ አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ልክ ቦታው ላይገኝ ይችላል። ማሽኗን ዝጉ፣ ፓዱን ትንሽ አንቀሳቅሱ፣ እንደገና ክፈቱ። ሳትዘጉ ፓድ አትንቀሉ፤ ይመታችኋል።

ኃይሉ። ዋናው ይህ ነው። የጎረቤቴ ማሽን ሥራዋን ያልሠራችው በዚህ ነው። ኃይሉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ከዚያ መውረር ይጀምራል። ከዚያ ጠንከር ያለ ግን የማያም ንዝረት ይሆናል፤ መቆሚያው እዚያ ነው። ከዚያ አልፎ ማመም ከጀመረ ወደ ኋላ አንድ ሁለት ቁጥር መልሱት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ንዝረቱ የቀነሰ ይመስላችኋል። ማሽኗ አልደከመችም፤ ነርቩ ለምዶ ነው። ያኔ ትንሽ ጨምሩ። ጎረቤቴ እጄን ይዘው ነው ቁጥሩን ያስጨመሩኝ። አምስተኛው ላይ ስንደርስ «ወይ ጉድ፣ አሁን ገባ» አሉ።

መተኛቱ። ማሽኗ ትንሽ የሆነችው ወገብ ላይ እንድትታሰር ነው። ንዝረቱ ከጀመረ በኋላ ተነሱና የሚያማችሁን እንቅስቃሴ በልኩ ሥሩ። ለጎረቤቴ የሰጠኋቸው ሥራ ቀላል ነው፦ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ መዞር። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፤ የጉልበት ሕመምን በረጅሙ የሚረዳው ይህ ነው። ሕመሙ ግን ጡንቻውን እንዳያሠሩ ያግዳቸዋል። ቴንስ የምትገባው እዚህ መካከል ነው። አሁን ማታ ማታ ማሽኗን አስረው ይሠራሉ። ጉልበታቸው አልዳነም፤ ከፊራ ድረስ ግን ባጃጅ ሳይዙ በእግራቸው የሚሄዱበት ቀን በዝቷል።

አዝራሮቹ

ማሽኗ ላይ ብዙ ፊደልና ቁጥር አለ፤ አያስደንግጣችሁ። ሄርዝ የሚለው በሴኮንድ ስንት ምት እንደምትልክ ነው። ከ80 እስከ 120 ያለው ፈጣኑ ነው፤ የሚወር ንዝረት ይሰጣል፣ ቶሎ ይሠራል፣ ሲዘጋም ቶሎ ያልቃል። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ከ2 እስከ 10 ያለው ዘገምተኛው ነው፤ እንደ ልብ ምት ጡንቻውን ድቅ ድቅ ያደርገዋል። ለመሥራት ይዘገያል፤ ብዙ ሰው ግን ከተዘጋ በኋላ ቆየት ይልልኛል ይላል። ማይክሮ ሰከንድ የሚለው የእያንዳንዱ ምት ርዝመት ነው፤ ከ100 እስከ 200 መካከል ይሁን። ጊዜው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ መድገም ይቻላል፤ በየመካከሉ ቆዳውን አሳርፉት።

በየቀኑ አንድ ዓይነት ምት ከተጠቀማችሁ ሰውነት ይለምደዋል፤ እፎይታውም እየሳሳ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ፈጣኑን፣ በማግስቱ ዘገምተኛውን አድርጉ። ብዙ ማሽኖች ደግሞ ፍጥነቱን በራሳቸው የሚቀያይሩበት ምርጫ አላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከገበያ ለሚሸምት። ከቴንስ ጋር የምትመሳሰል፣ ጡንቻ ለማኮማተር የተሠራች ሌላ ማሽን አለች። «ቦርጭ ታጠፋለች» ተብላ የምትሸጠው እሷ ናት። ነርቭ ለማስታገስ የተሠራችው ቴንስ መሆኗን ካርቶኑ ላይ አይታችሁ ግዙ። በባትሪ ድንጋይ ወይም ቻርጅ ተደርጋ የምትሠራ ትሁን። ሶኬት ላይ ተሰክታ ቆዳ ላይ የምትለጠፍ ነገር አትግዙ፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው። ቻርጅ ላይ እያለችም አትጠቀሙባት። የተበላሸችውን ሰፈር ውስጥ አስፈትቶ ማስጠገንም ይቅርባችሁ።

ወበቁና ፓዱ

ፓዱ ላይ ያለው ጄል ውኃ የያዘ ነው። የድሬ ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል። በደንብ ከተያዘ አንድ ፓድ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይሠራል፤ መስኮት ላይ ከተተወ ግን በቀናት ውስጥ ጠርዙ ይነሳል። እንደጨረሳችሁ የመጣበት ፕላስቲክ ላይ መልሱት፣ ላስቲኩ ውስጥ ዝጉት፣ ፍሪጅ ካለ በር ላይ አስቀምጡት። ሲደርቅ በጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ውኃ ማስነካት ለጊዜው ይረዳል። አልይዝ ካለ ግን በፕላስተር አስሮ መቀጠል አይሆንም፤ ቆዳ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ቀን በሙቀት ከማላብ ማለዳ ወይም ማታ ነፈስ ሲል መጠቀም ይሻላል። ከተነሳ በኋላ ቀላ ማለት የተለመደ ነው፤ ውሎ ሳያድር ይጠፋል። ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ካቆሰለ ተዉት።

ማን አይጠቀም?

ልብ ላይ ፔስሜከር ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ቴንስ አይንካ። እርጉዝ ሴት ሆድና ወገብ ላይ አታድርግ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ አንገትና ጭንቅላት ላይ ደግሞ ጭራሽ። የካንሰር እብጠት ያለበት ቦታ ላይ፣ እግር ውስጥ የደም መርጋት ካለ እዚያ ላይ፣ ቁስል ላይ አይደረግም።

ጤናማ ሰውም ቢሆን የማያደርግባቸው ቦታዎች አሉ። የአንገት ፊት አንዱ ነው፤ እዚያ ያለውን ነርቭ መቀስቀስ የደም ግፊትን በድንገት ሊጥል፣ ጉሮሮንም ሊያኮማትር ይችላል። ዓይን ላይ፣ አፍ ውስጥ፣ ጭንቅላት ላይ፣ ደረት ላይ አይሆንም። አንዱን ፓድ ከደረት ሌላውን ከጀርባ አድርጎ በልብ በኩል ማሳለፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ገላ እየታጠባችሁ፣ መኪና ወይም ባጃጅ እየነዳችሁ፣ እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ አትጠቀሙ።

ስኳር ያለባቸውን ለብቻ ላንሳቸው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ቆዳው ይደነዝዛል። የደነዘዘ ቆዳ ኃይሉ መብዛቱን አይናገርም፤ ሰውየው ሳያውቀው ይቃጠላል። ከመጀመራችሁ በፊት ፈትሹ። መፋቂያ ውሰዱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላ ሰው አንዴ በሾለው፣ አንዴ በደነዘው ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካችሁ። የትኛው እንደነካችሁ መለየት ካቃታችሁ እዚያ ቦታ ላይ ፓድ አይለጠፍም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ሕመም መልእክት ነው፤ አንዳንዱ መልእክት ሊሸፈን አይገባም። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ብርቅ አይደለም። እግር ከደከመ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ካለ፣ በእግሮች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው፤ ድል ጮራም ይሁን ሌላ ቅርብ ያለ። የደረት ሕመምና ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመምም ለማሽን አይተዉም። ማሽኗ የምትመጣው ሕመሙ ከየት እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ክኒኑስ?

ማሽኗን በጀመራችሁ ቀን ክኒኑን አትጣሉ። ለሁለት ሳምንት ሞክሩ። ከመለጠፋችሁ በፊትና ፓዱ ላይ እያለ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉት። ቁጥሩን የምትሰጡት ተቀምጣችሁ ሳይሆን ተነስታችሁ ጥቂት ከተራመዳችሁ በኋላ ይሁን። አጠገቡ የዋጣችሁትን ክኒን ብዛት ጻፉ። ቁጥሩ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ማሽኗ ለእናንተ ትሠራለች። ያኔ ለሕመም የምትወስዱትን ክኒን አንድ በአንድ መቀነስ ጀምሩ። ትራማዶል ለወራት የወሰደ ሰው ግን በድንገት አያቁም፤ ሐኪሙ ቀስ እያደረገ ያስቀንሰው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ደግሞ ከሚቀነሰው ክኒን ውስጥ አይገባም፤ እሱን ማንም አይንካ።

ኃይሉም ቦታውም ተስተካክሎ በሁለት ሳምንት ቁጥሩ ካልወረደ፣ ለእናንተ ሕመም አትሆንም ማለት ነው። ሁሉም ሰው ላይ አትሠራም። ለጎረቤት ማዋስ ትችላላችሁ፤ ፓዱን ግን አይደለም። ፓድ ከቆዳ ወደ ቆዳ አይተላለፍም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይግዛ።